ኤልኢዲ ከገጠምኩ ወዲህ ከፊቴ የሚመጣው ሁሉ ረጅም ያበራብኛል፤ ብሎኑን ዝቅ ባደርግ ይበቃል?

ማታ ነጂ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት የመኪናዬን የፊት መብራት አምፖል ከሃሎጅን ወደ ኤልኢዲ ቀየርኩ። አምፖሉ ኤች 4 የሚባለው ነው፤ አጭሩም (ቅርቡን የሚያበራው) ረጅሙም (ሩቁን የሚያበራው) በአንድ አምፖል የሚሠራበት። ፓውዛው፣ ማለትም አምፖሉ የሚገባበት የፊት መብራት ቤት፣ ውስጡ ተራ አንጸባራቂ ነው፣ የፕሮጀክተር ሌንስ የለውም።

የመጀመሪያው ማታ በጣም ደስ አለኝ። ከመኪናው ፊት ያለው አስፋልት ቀን መሰለ። አሁን ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛ፣ በአጭር መብራት እየነዳሁ ከፊት የሚመጡት ረጅም ብልጭ ያደርጉብኛል። አንድ ሁለቴ ቢሆን እተወው ነበር። በአንድ ጉዞ አስር ጊዜ ሲሆን ግን ጥፋቱ ከእኔ ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሩቅ የማየው ከድሮው ያነሰ ይመስለኛል። ቅርቡ ይበራል፣ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። ባለፈው ሳምንት መንገድ ዳር የሚሄድ ሰው ያየሁት አጠገቡ ከደረስኩ በኋላ ነው። ደንግጬ ነው ቤቴ የገባሁት።

ከፓውዛው ጀርባ የማስተካከያ ብሎን አለ። እሱን ዝቅ ባደርገው ሁለቱም ነገር ይስተካከላል?

ሞተር ወዳጅ

ዝቅ አድርገው፣ አለቀ። ካቻቢቴ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ። እኔም ኤልኢዲ ስገጥም እንዳንተው ብልጭታው በዝቶብኝ ነበር። ሁለት ሦስት ዙር አዞርኩት፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ብልጭ አላደረገብኝም።

ሽቦና ብርሃን

ማታ ነጂ፣ ብሎኑን ገና አትንካው። በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንዱ የብርሃኑ አጣጣል ነው፤ ማለትም ብርሃኑ ምን ዓይነት ቅርጽ ይዞ ይወጣል የሚለው። ሁለተኛው አቅጣጫው ነው፤ ያ ቅርጽ የት ላይ ያርፋል የሚለው። ብሎኑ የሚያዘው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ቢዘም ሚስማሩን ታስተካክላለህ። ሥዕሉ ራሱ ተበላሽቶ ከሆነ ግን ሚስማሩን የትም ብትመታው አይቃናም።

ጤነኛ የአጭር መብራት ቅርጽ እንዲህ ነው። ግድግዳ ላይ ስታበራው ከላይ ጨለማ፣ ከታች ብርሃን፣ በመካከላቸው ጥርት ያለ ድንበር ታያለህ። በቀኝ በሚነዳበት አገር ድንበሩ በግራ በኩል አግድም ይሄድና መሃል ላይ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ በ15 ዲግሪ ገደማ ሽቅብ ይወጣል። ግራው ዝቅ ያለው ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ለማዳን ነው። ቀኙ ከፍ ያለው ደግሞ እግረኛውንና የመንገዱን ዳር እንድታይ ነው። የብርሃኑ እምብርት፣ ማለትም ከሁሉ የሚበረታው ቦታ፣ ከድንበሩ ሥር ተጠግቶ ከመሃል በትንሹ ወደ ቀኝ ይሆናል። ሩቅ የሚያሳይህ እሱ ነው።

ይህን ቅርጽ ማን ይሠራዋል? በኤች 4 ላይ አምፖሉና አንጸባራቂው ተባብረው ነው። የድሮውን ሃሎጅንህን አውጥተህ በደንብ ተመልከተው። ሁለት ክር አለው። ለአጭሩ በምትበራው ክር ሥር ትንሽ የብረት ማንኪያ የመሰለች ነገር አለች። ያቺ ማንኪያ ብርሃኑ ወደ አንጸባራቂው ታችኛ ግማሽ እንዳይሄድ ትጋርዳለች። ስለዚህ የሚሠራው የላይኛው ግማሽ ብቻ ነው፤ እሱም ብርሃኑን ወደ መሬት ይጥለዋል። ድንበሩን የምትሥለው የማንኪያዋ ጠርዝ ናት። ያ የ15 ዲግሪ ሽቅብታ እንኳ የሚመጣው አንደኛው ጠርዟ በዚያው ልክ ዘመም ስላለ ነው።

እንግዲህ አንጸባራቂው የተሰላው ለዚያች ቀጭን ክር ነው። ርዝመቷ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ ዙሪያዋንም እኩል ታበራለች። ኤልኢዲው ግን በሁለት ጠፍጣፋ ገጾች ላይ የተለጠፉ ቺፖች ነው። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ያያል። በመካከላቸው ሰሌዳው አለ። ቺፖቹ ክሯ ከነበረችበት ቦታ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ፈቀቅ ካሉ እምብርቱ ይበተናል፣ ድንበሩም ይደበዝዛል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ይህን ብቻ አድርግ። ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀህ፣ አጭሩን አብራ። አንዱን ፓውዛ በወፍራም ጨርቅ ሸፍነህ ሌላውን እይ፤ ከዚያ አቀያይር። ጨርቁን ቶሎ አንሳው፣ ይሞቃል። ድንበር አለ ወይስ የለም? ያየኸውን ንገረን።

ረጅም መንገድ

እኔ ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ ልናገር፤ ብዙ ሰው ስለማያነሳው። «ቅርቡ ይበራል፣ ሩቁ ግን ያነሰ ይመስለኛል» ብለሃል። መምሰል ብቻ አይደለም። መኪናው አፍንጫ ሥር ያለው መሬት ከመጠን በላይ ሲበራ የዓይናችን ብሌን ይጠባል። የጠበበ ብሌን ደግሞ ከሩቅ የሚመጣውን ደካማ ብርሃን አይዝም። በዚያ ላይ ዓይን ወደ ደማቁ ይሳባል፤ ሳናስበው ከፊታችን ያለውን 15 ሜትር ብቻ እያየን እንነዳለን። ሰው አምፖል ቀይሮ «እንዴት ያበራል!» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን የቅርብ ድምቀት አይቶ ነው። ጥሩ ፓውዛ ግን ቅርቡን በልክ አብርቶ ኃይሉን ድንበሩ ሥር ይሰበስባል።

የማታ ጉዞ ስለማበዛ ይህን ያወቅኩት በራሴ መኪና ነው። በጣም ደማቅ ነጭ አምፖል ገጥሜ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ የመንገዱ መስመር ጭራሽ ጠፋኝ። እርጥብ አስፋልት ብርሃኑን ወደ ፊት ያሸሸዋል፤ ለአንተ አይመለስልህም፣ ከፊት ለሚመጣው ነው የሚደርሰው።

አንድ ሐሳብ ልጨምር። ግድግዳው ፊት ስትቆም ሃሎጅኑንም ይዘህ ሂድ። በአንደኛው ፓውዛ ሃሎጅን፣ በሌላኛው ኤልኢዲ አድርገህ አወዳድር።

ሞተር ወዳጅ

ቀላሉን ነገር ለምን ታከብዱታላችሁ? ዋናው ሰው እንዳይታወር ነው። ዝቅ ካደረገው ማንንም አይጎዳም። ደግሞ ኤልኢዲው ብዙ ብርሃን ስላለው ዝቅ ቢልም ይተርፈዋል።

ሽቦና ብርሃን

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ለሰው ዓይን መጠንቀቅ መሆኑ ይገባኛል። ግን ዝቅ ማድረግ የሚጎዳው አለ፤ ራሱን ነጂውንና መንገድ ዳር ያለውን ሰው።

እስቲ እናስላው። ፓውዛው ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ድንበሩ በ1 ፐርሰንት ዝቅ ቢል፣ በየአንድ ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ መሬት የሚነካው 70 ሜትር ላይ ነው። ዝቅታውን 2 ፐርሰንት ካደረግከው 35 ሜትር ላይ ያልቃል። አሁን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ንዳ። በሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ትሄዳለህ። አደጋ አይተህ እግርህ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅብህ 33 ሜትር አልፈሃል። በደረቅ አስፋልት ለመቆም ደግሞ 35 ሜትር ያህል ያስፈልግሃል። ድምሩ 68 ሜትር። በ1 ፐርሰንት ለጥቂት ትተርፋለህ። በ2 ፐርሰንት ግን ብርሃንህ የሚያልቀው ፍሬን መርገጥ በምትጀምርበት ቦታ ነው። አምፖሉ የቱንም ያህል ይድመቅ፣ ከድንበሩ በላይ ብርሃን ከሌለ የለም።

የተገላቢጦሹም ከባድ ነው። ድንበሩ ከልኩ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢነሳ 1.75 ፐርሰንት ነው። የ1 ፐርሰንቱ ዝቅታ ጠፍቶ 0.75 ፐርሰንት ሽቅብ ይሄዳል ማለት ነው። ሃምሳ ሜትር ላይ ከመሬት 107 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይደርሳል። ያ የአንድ ተራ የቤት መኪና ነጂ ዓይን ያለበት ቦታ ነው። አንድ ዲግሪ በዓይን የማትለያት ነገር ናት፤ ለዚህ ነው በግምት አይሠራም የምለው።

ማታ ነጂ

አየሁት። ግራና ቀኙ ጭራሽ አይመሳሰሉም።

የቀኙ ፓውዛ ድንበር አለው፤ ጠርዙ እንደ ጭጋግ ቢሆንም ይለያል። ግራው ግን ድንበር የለውም። አንድ ሰፊ የብርሃን ክምር ነው፤ ከእሱ ደግሞ አንድ ጎን ወደ ላይ እንደ ምላስ ወጥቶ ጣሪያው ድረስ ይሄዳል። ብሎኑን ዝቅ ባደርግም ያ ምላስ እንደማይጠፋ አሁን ገባኝ።

ሽቦና ብርሃን

ጥሩ አየህ። የግራው አምፖል ዞሮ ነው የገባው፣ ወይም በደንብ አልተቀመጠም። መብራቱን አጥፋና ይቀዝቅዝ። ላስቲኩን አውልቀህ የሚይዘውን ሞላ ፍታ። ሦስቱ የአምፖሉ ጥርሶች በየጉድጓዳቸው መግባታቸውን አረጋግጥ። ከዚያ ቺፖቹን ተመልከት፦ አንዱ ገጽ በትክክል ወደ ግራ፣ ሌላው በትክክል ወደ ቀኝ ማየት አለበት። በሰዓት ቆጣሪ ብናስበው 3 እና 9 ላይ። ለአጭሩ በሚበሩት ቺፖች ሥር ያለው መጋረጃ ደግሞ ወደ ታች መሆን አለበት። ብዙዎቹ አምፖሎች አንገታቸው ላይ የሚዞር ቀለበት አላቸው፤ ጎኑ ላይ ባለች ትንሽ ብሎን ይጠብቃል። እሷ ከላላች አምፖሉ በቀለበቱ ውስጥ ይዞራል።

ሃሎጅኑን ስትይዝ ግን መስታወቱን በጣትህ አትንካ። የእጅ ቅባት መስታወቱን ያቃጥለዋል፣ ዕድሜውን ያሳጥራል።

መሪ በቀኝ

ይቅርታ፣ መሃል ገባሁ። የእኔ ችግር ተቀራራቢ ነው። መኪናዬ በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ ነው፤ አሁን የምነዳው በቀኝ ነው። ፓውዛው ባለ ፕሮጀክተር ነው፣ ድንበሩም በጣም ጥርት ያለ ነው። ግን ሽቅብ የሚወጣው ወደ ግራ ነው። የጎን ማስተካከያውን ብሎን ወደ ቀኝ ባዞረው ይስተካከላል?

ሽቦና ብርሃን

አይስተካከልም። ቅርጹን ወደ ጎን ትገፋዋለህ እንጂ አትገለብጠውም። በፕሮጀክተር ውስጥ ድንበሩን የሚሥለው ከሌንሱ ኋላ የቆመ የብረት መጋረጃ ነው። ሌንሱ ምስሉን ይዘቀዝቀዋል፤ ከታች የጋረደው ከላይ ጨለማ ሆኖ ይወጣል። ያ መጋረጃ የተቆረጠው ለግራ መንገድ ነው። አንዳንድ ፓውዛዎች ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ የምትቀይር ትንሽ ማንሻ አለች፤ የመኪናህን መመሪያ እይ። ከሌለች ለቀኝ መንገድ የተሠራ ፓውዛ ነው መፍትሔው።

ሌንሱ ላይ ክብ ውስጥ ያለውን የ«ኢ» ምልክትና አጠገቡ ያሉትን ጽሑፎች ፈልግ። ፊት ለፊት ቆመህ ስታየው ወደ ቀኝህ የምታመለክት ቀስት ካለች ለግራ መንገድ የተሠራ ነው። ቀስት ከሌለ ለቀኝ መንገድ ነው። ሁለት ጫፍ ያላት ቀስት ከሆነች ለሁለቱም ይስማማል። ከገበያ ተለዋጭ ፓውዛ የምትገዙ ሁሉ፣ መጀመሪያ የምታዩት ይህችን ቀስት ይሁን። ከውጭ መልካቸው ፍጹም አንድ የሆነ ሁለት ፓውዛዎች ለተቃራኒ መንገድ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

መሪ በቀኝ

ወደ ቀኜ የምታመለክት ቀስት አለች። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ብርሃኔ ሽቅብ የሚወጣው ከፊቴ በሚመጣው ሰው ላይ ነበር። አመሰግናለሁ። እስክቀይረው ማታ አልነዳም።

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ድንበሩ ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ ጭረት ይታየኛል። ብልሽት ነው?

ረጅም መንገድ

አይደለም። ሌንሱ ብርሃኑን ወደ ቀለማቱ ስለሚከፍለው ነው፤ በፕሮጀክተር ላይ የተለመደ ነው።

ማታ ነጂ

የግራውን አወጣሁት። እንዳላችሁት ቀለበቱ ላልቶ ነው። ቺፖቹ 3 እና 9 ላይ መሆናቸው ቀርቶ 4 እና 10 ላይ ነበሩ። አስተካክዬ ብሎኗን አጠበቅኩና መልሼ ገጠምኩት። ምላሱ ጠፋ! ድንበር መጣ።

ከዚያ እህቴ ረጅም መንገድ እንዳልሽው በቀኙ ሃሎጅኑን አስገብቼ አወዳደርኩ። እውነቱን ልናገር፣ አልጠበቅኩትም። ኤልኢዲው ግድግዳውን በአጠቃላይ የበለጠ ያደምቃል። ግን ድንበሩ ሰፊ ጭጋግ ነው፤ ከድንበሩ በላይም ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይቀራል። እምብርት የሚባለው በሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ ሄዷል፣ መሃሉ ቀዝቃዛ ነው። ሃሎጅኑ ቢጫ ነው፣ ደካማም ይመስላል። ግን ድንበሩ በቢላዋ የተቆረጠ ነው፣ እምብርቱም ልክ ከሥሩ ተሰብስቧል። ሩቅ ያሳየኝ የነበረው እሱ ነው።

ሽቦና ብርሃን

ለሁለት የተከፈለው እምብርት የሁለቱ ገጾች ነው። በሰሌዳው ውፍረት ምክንያት ቺፖቹ መሃል ላይ አይገናኙም። ሰሌዳው በቀጠነ ቁጥር ይሻላል፤ የተሻሉ አምፖሎች አሉ። ግን አንጸባራቂው ሁሉ ስለማይመሳሰል በአንዱ ፓውዛ የሚያምረው በሌላው ይበተናል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ምትክ የኤልኢዲ አምፖል ስትፈቅድ በዝርዝር ለተቀመጡ የመኪና ሞዴሎች ብቻ ያደረገችው ለዚህ ነው፤ አምፖሉ ከየፓውዛው ጋር ተፈትኖ ነው የሚያልፈው።

የእኔ ምክር ሃሎጅኑን መልስ ነው። ከዚያ አሁን ብሎኑን እንነካለን።

የጎማ ንፋስ ይስተካከል። ታንኩ ቢያንስ ግማሽ ይሙላ። ሻንጣ ውስጥ ያለውን ጭነት አውርድ። ነጂው ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥ። ዳሽቦርዱ ላይ የመብራት ከፍታ መቆጣጠሪያ ካለህ ዜሮ ላይ አድርገው። መኪናውን ግድግዳው ድረስ አስጠጋና የሁለቱን ፓውዛ መሃል በናስትሮ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርግ፤ አንድ አግድም መስመር፣ ሁለት ቁም መስመሮች። ከዚያ ሳትጣመም ቀጥ ብለህ ወደ ኋላ ሂድ። 10 ሜትር ካገኘህ በጣም ጥሩ ነው፤ ስህተቱ ያንሳል። ካልሆነ 5 ሜትር ይበቃል። መሬቱ ግን በእውነት ደልዳላ ይሁን፤ ግድግዳው ጋ ያለው መሬት 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ልኬቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ሞላው እንዲረጋ መኪናውን ከፊትም ከኋላም ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን አድርገው።

ዝቅታው ስንት ይሁን? ፓውዛው ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር የመብራት ሥዕልና 1.0 ወይም 1.2 የመሰለ ፐርሰንት ተጽፎ ታገኛለህ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 48 አምራቹ ይህን እንዲጽፍ ያዛል። ከ80 ሴንቲ ሜትር በታች ለተተከለ ፓውዛ መነሻው ከ1.0 እስከ 1.5 ፐርሰንት ነው። 1.0 ከሆነ በ10 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር፣ በ5 ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ከአግድም መስመሩ በታች ሌላ ናስትሮ ለጥፍ። የድንበሩ አግድም ክፍል እዚያ ላይ ይረፍ። ክርኑ ደግሞ በየፓውዛው ቁም መስመር ላይ ይሁን። አንዱን ሸፍነህ አንዱን ሥራ። መጀመሪያ ዝቅ አድርገውና ከታች ወደ ላይ እያነሳህ መስመሩ ላይ አቁመው። ከላይ ወደ ታች ስታወርደው ካቆምክ ብሎኑ ውስጥ ያለው ክፍተት ስላልተያዘ በመንገድ ንዝረት ፈቀቅ ይላል።

ፒክአፕ

ይህን የምትከተሉ ሁሉ ጭነቱን አትርሱ። እኔ ባዶውን አስተካክዬ ሙሉ ጭኜ ወጣሁና ሰው ሁሉ ብልጭ አደረገብኝ። በኋላ ነው የገባኝ። በሁለቱ አክስል መካከል 2.6 ሜትር ያለው መኪና ኋላው ብቻ በ2.6 ሴንቲ ሜትር ቢቀመጥ አፍንጫው በ1 ፐርሰንት ይነሳል። ያ ያስተካከላችሁት ዝቅታ በሙሉ ነው! በጭነት ደግሞ ከዚያ በላይ ነው የሚቀመጠው። ዳሽቦርድ ላይ ያለው ከ0 እስከ 3 ወይም 4 የሚዞረው መቆጣጠሪያ ለዚህ ነው የተሠራው። ባሌስትራ ወይም ሞላ የቀየረ ሰውም እንደ አዲስ መለካት አለበት።

ማታ ነጂ

ሃሎጅኑን በሁለቱም መለስኩ። ኮፈኑ ሥር 1.2 ይላል። በ5 ሜትር 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ናስትሮ ለጠፍኩ። የቀኙ ድንበር 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነበር፤ ከድሮም ጀምሮ ማለት ነው። የግራው ክርን ደግሞ አንድ እጅ ያህል ወደ ጎን ሄዷል። ሁለቱንም አስተካከልኩ። ሌንሶቹ ቢጫ ስለሆኑ ወለወልኳቸው፤ ያም ራሱን የቻለ ልዩነት አመጣ።

ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ነዳሁ። አንድም ሰው ብልጭ አላደረገብኝም። ባለፈው ያስደነገጠኝ ቦታ ላይ ቀስ ብዬ ሄድኩ። መንገድ ዳር የሚሄዱ ሁለት ሰዎችን ከሩቅ አየኋቸው፤ መጀመሪያ እግራቸውን፣ ከዚያ ሙሉ ሰውነታቸውን።

ሞተር ወዳጅ

እኔም ዛሬ ግድግዳ ፊት ቆምኩ። በ5 ሜትር ላይ ድንበሬ 14 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። 2.8 ፐርሰንት መሆኑ ነው። ፓውዛዬ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ስለዚህ ብርሃኔ የሚያልቀው 25 ሜትር ላይ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ እንደዚህ ነድቻለሁ፣ ቤተሰቤን ጭኜ። ብልጭ የሚያደርግብኝ ስለጠፋ ልክ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ማታ ነጂ፣ መጀመሪያ የሰጠሁህን ምክር አንስቻለሁ። ሃሎጅኖቹ ጋራዥ ካርቶን ውስጥ አሉ፣ ነገ እመልሳቸዋለሁ። ሽቦና ብርሃን፣ የእኔ አምፖል ኤች 7 ነው፤ ማንኪያ የለውም። ድንበሩን ማን ይሠራዋል?

ሽቦና ብርሃን

በኤች 7 አንጸባራቂው ራሱ ነው የሚሠራው። ገጹን ብታየው በትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዷ ክፍል የክሯን ምስል ወስዳ ከድንበሩ ሥር ትደረድረዋለች። በፕሮጀክተር ከሆነ ደግሞ መጋረጃው ነው። ክሯ ቦታዋ ላይ ካለች ሁሉም ቦታው ላይ ይሆናል። ሃሎጅኑን ስትመልስ ጥርሷ ጉድጓዷ ውስጥ መግባቷን በጣትህ ዳስሰህ አረጋግጥ፤ ኤች 7 ሳይቀመጥ የተቀመጠ ይመስላል። ከዚያ በ5 ሜትር ለካና ቁጥሩን እዚህ ጻፍልን።